ስለ ልጄ ከፊሌን ጠየቁት

የልጄ ልብ ከቆመ ማንም እንዳይነካት ሦስት ሐኪሞች ወሰኑ። ከወሰኑ በኋላ ለአሠሪዬ ደውለው ነገሩት፤ እሱም እሺ አለ። እኔ አባቷ በዚያ ሰዓት እዚያው ሆስፒታል ግቢ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ነበርኩ። የአሠሪዬን ሚስት፣ የማዳምን ልጆች ከትምህርት ቤት የማወጣበት ሰዓት እስኪደርስ መኪና ውስጥ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ከልጄ የሚለየኝ ጥቂት ፎቅ ነው። ማንም ወርዶ አልጠራኝም።

ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ማዘን የፈለገ ያኔ ነበር ጊዜው። የምጽፈው መጻፍ ስለምችል ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ፣ ዐረብ አገር፣ ባያን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአሠሪዬ ቪላ በር አጠገብ ባለችው የሹፌር ክፍል ነው። ያስተማረችኝ ባለቤቴ ናት፤ ያኔ ገና ባለቤቴ አልሆነችም። እሷ ፊደሉን በስልክ ትልክልኛለች፣ እኔ ወረቀት ላይ ገልብጬ ፎቶ አንስቼ እመልስላታለሁ። «ይሄ ‹ሐ› ነው ወይስ አንድ እግሩ የወለቀ ዱካ?» ትለኛለች። እናደድባታለሁ፣ ግን ማታውን እንደገና እጽፈዋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ተጋባን።

ዐረብኛ ግን አላነብም። የምናገረውም የመንገድ ዐረብኛ ነው፤ ቀኝ፣ ግራ፣ ቆይ፣ መጣሁ፣ በሩን ዝጋው። በዚህ ስለ ሕፃን አእምሮ መነጋገር አይቻልም። ሐኪሞቹ ይህን አወቁ፣ ስለዚህ የሚገባው ሰው ፈለጉ። የሚገባው ሰው ሆኖ የተገኘው ከፊሌ ነው።

ከፊል ማለት አገሩ ያስገባህ አሠሪ ነው። የመኖሪያ ፈቃድህ በሱ ስም ነው። መንጃ ፈቃድ ብታድስ፣ ፖሊስ ቢይዝህ፣ ጥርስህን ቢያምህ መጀመሪያ የሚደወለው ለሱ ነው። ለምደነዋል። ሆስፒታሉም የደወለለት ከልማድ እንጂ ሊያዋርደኝ ብሎ አይመስለኝም። ይኸው ነው የበለጠ የሚያበግነኝ። ክፋት ቢሆን ኖሮ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር።

ባለቤቴ ጀህራ ውስጥ አንዲት የታመሙ አሮጊት ስታስታምም ነው ብዙውን ዘመኗን ያሳለፈችው። አሮጊቷ ሲሞቱ ወደ አንድ የጽዳት ድርጅት ተዛወረች። አቡ ሐሊፋ ላይ አንድ ክፍል ተከራየንና እሷ እዚያ፣ እኔ ባያን ሆነን ዐርብ ዐርብ እንገናኝ ነበር። ባልና ሚስት የምንሆነው ዐርብ ብቻ ነው። ስታረግዝ ምርመራ ላይ «ሕፃኗ አነስ ብላለች፣ እንከታተላለን» አሏት። እኔም ትንሽነት በሽታ ነው እንዴ ብዬ ተውኩት፤ እኔ ራሴ ትንሽ ነኝ።

ልጃችን በቀዶ ጥገና ተወለደች። ወዲያው ወሰዷትና መስታወት ሣጥን ውስጥ አስገቧት። ባፏ ቱቦ ገብቷል፣ ደረቷ በማሽኑ ልክ ከፍ ዝቅ ይላል። ባለቤቴ ቁስሏ አመርቅዞ ትኩሳት ስለያዛት ሌላ ፎቅ ላይ ተኝታለች። እኔ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እሄዳለሁ፤ በመሃል ስልኬ ይጮኻል፣ ማዳም ናት፤ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ልብስ ንጽሕና ቤት። እንዲህ ያለውን ጊዜ ሰው ከዘመድ ጋር ነው የሚያልፈው። አንዱ ውኃ ያቀብልሃል፣ አንዱ ይጨቀጭቅሃል፣ አንዱ ዝም ብሎ አጠገብህ ይቀመጣል። እኔ አጠገቤ የነበረው የማዳም ልጅ የረሳው የእግር ኳስ ጫማ ነው።

ማግስቱን ወደ ማምሻው አሠሪዬን ወደ ዲዋንያ እየወሰድኩት ነበር፤ ወንዶቹ ተሰብስበው ሻይ እየጠጡ ወደሚጫወቱበት ቤት። ባባ ነው የምንለው። ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ቆየና፣

«ዶክተሩ ደውሎልኝ ነበር» አለኝ።

«የቱ ዶክተር?»

«የልጅህ። አእምሮዋ አልተሠራም አለኝ። ሳንባዋም አላደገም። ልቧ ከቆመ ደረቷን እየተጫኑ አያሰቃዩአትም፤ ሦስት ሐኪሞች ተስማምተዋል። እኔም እሺ፣ አታሰቃዩአት፣ የአላህ ናት አልኳቸው።»

መብራቱ ቀይ ነበር። በመስታወት አየሁት። ፊቱ የሚያዝን ሰው ፊት ነው፤ ልዋሽ አልችልም።

«አንተ ነህ እሺ ያልከው?» አልኩት። ዐረብኛ አንቱታ የለውም፤ የዚያን ቀን ጠቀመኝ።

«እኔ ነኝ። አንተን ማስጨነቅ አልፈለግኩም። የኔ ልጅ ብትሆንም እንደዚሁ ነበር የምለው።»

«ያንተ ልጅ ብትሆን የሚደውሉት ለማን ነበር?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላችን ያለው መኪና ክላክሱን ነፋ። «ሂድ፣ ሂድ» አለኝ ባባ። ሄድኩ። ዲዋንያው በር ላይ አወረድኩት። እንደ ደንቡ ከሆነ እዚያው አጥሩን ተጠግቼ እስኪወጣ መጠበቅ ነበረብኝ። መኪናዋን አዞርኳትና ወደ ሆስፒታል ነዳሁ።

የሕፃናቱ ክፍል ሐኪም ግብፃዊ ነው፤ ራሰ በራ፣ ዓይኑ የቀላ፣ እንቅልፍ የሌለው ሰው። አጠገቡ ከኬረላ የመጣች ሕንዳዊት ነርስ አለች። የሷ ዐረብኛ እንደኔው ስብርብሩ የወጣ ስለሆነ እኔና እሷ ከሐኪሙ ይልቅ እንግባባለን።

«የዚች ልጅ አባት ማነው?» አልኩት ሐኪሙን። ይህን ያህል ዐረብኛ አለኝ።

«አንተ ነህ።»

«እሺ ያለው ማነው?»

ወንበር ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም። እያዘገመ ይነግረኛል፣ ያልገባኝን ነርሷ ሰባብራ ታስረዳኛለች። የማትድን ሕፃን ስትሆን ሦስት ሐኪሞች አይተዋት ከተስማሙ ይበቃል አለኝ፤ መመሪያው እንዲህ ነው፣ የሃይማኖት ሊቃውንቱም ፈቅደውታል። የወላጅ ፈቃድ አያስፈልግም። ማሳወቅ ግን ያስፈልጋል።

«ለማን ነው የምታሳውቁት?»

«ለቤተሰብ።»

«ከፊሌ ቤተሰቤ ነው? እሱ ነው የወለዳት?»

ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገው። «አይገባህም ብለን ነው» አለ።

«አዎ አልገባኝም። አስረዳኛ!»

ነርሷ አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ እንዲህ አለኝ፦ ፈቃድ የማንጠይቀው እናንተን ለመናቅ አይደለም፤ አንድ አባት ‹ልጄን ተዉአት› ብሎ በአፉ ከተናገረ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ያ ቃል እንዳይበላው ነው፣ ሸክሙን ሐኪም ይሸከመው ተብሎ ነው። ይህን ሲለኝ የሚዋሽ አልመሰለኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፣ ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሸክሜን አንሱልኝ ብዬ የለመንኩት ሰው የለም። ያቺ ልጅ ስም የላት፣ ዘመድ የላት፣ አገር የላት። ያላት እኔና እናቷ ነን። እኛ ከተዘለልን እሷ የማን ናት?

በመጨረሻ ቃል ገባልኝ። ውሳኔው ውሳኔ ነው፣ አይቀየርም አለ፤ ግን እኔና እናቷ አብረን ተቀምጠን እስክንሰማው ድረስ ተግባር ላይ አይውልም። እስከዚያ ልቧ ቢቆም እንደማንኛውም ልጅ ይሞክራሉ። ስንሰማ ደግሞ ይጠይቀናል፤ የመጨረሻዋ ሰዓት ስትመጣ እንዴት እንድትሆን እንደምንፈልግ እኛን ይጠይቀናል። «ለከፊልህ አልደውልም» አለኝ። እጄን ዘረጋሁ፣ ጨበጠኝ።

ስወጣ ባባ ደወለ።

«መኪናዋ የት ናት?»

«ሆስፒታል።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም። ዛሬ ሁሉም ሳይፈቀድለት ነው እሺ እያለ የሚውለው።»

ስልኩን ዘጋብኝ። ሊያባርረኝ ይችል ነበር፣ አላባረረኝም። ለጥቂት ቀን ከኋላ ወንበር ዝም ብሎ ይሳፈራል፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። ከዚያ በፊትም ብዙ አንነጋገርም ነበር፤ ግን ዝምታ ከዝምታ ይለያል።

ለባለቤቴ እኔ ነኝ የነገርኳት። አሮጊቷን ስታስታምም የበሽታ ዐረብኛ ሁሉ ተምራለች፤ የሐኪሙን ቃል እንደሰማሁት ስነግራት እኔ የማላውቀውን እሷ ታውቃለች። አላለቀሰችም። ጣሪያውን አየችና፣

«ሰማንያዋ መቼ ነው የሚሞላው?» አለችኝ።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ወንድ ቢሆን በአርባ። ይህን የማያውቅ የኛ ሰው የለም።

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ይጠብቋት። ሰማንያዋ እስኪሞላ ይታገሉላት። ክርስትና ሳትነሣ አልሰጣቸውም። አልሰማቸውምም። ቁጭ በል ቢሉህ እንዳትቀመጥ፣ እኔም አልቀመጥም።»

ነገሩ ገባኝ። ሐኪሙ አብራችሁ እስክትሰሙ እንጠብቃለን ብሏል፤ እሷ ደግሞ ባለመስማት ልታቆያት ነው። የጽዋ ማኅበሯ ሴቶች በስልክ ያጸኗታል። ከየአሠሪያቸው ቤት፣ ከየወጥ ቤቱ እየደወሉ ሁሉም አንድ ቃል ነው፤ ሰማንያ ሳይሞላት አይሆንም፣ አይዞሽ፣ አጥብቀሽ ያዥ። አንዷማ ድምፅ ማጉያው ላይ መሆኗን ሳታውቅ «ወንድ ቢሆን ኖሮ እኮ አርባ ነበር፣ ይቀርብላችሁ ነበር» አለች።

«ሴትዮ፣ ወደ ማህፀን መልሰን እንቀይራት?» አልኳት። ባለቤቴ ስልኩን ነጠቀችኝ።

በዚያ ሳምንት የልጄ ልብ አንድ ጊዜ ቆመ። እኔ መስታወቱ ጋ ነበርኩ። ቃል በገባልኝ መሠረት ሞከሩ። ነርሷ በሁለት አውራ ጣቷ ደረቷን ትጫናለች፣ ሐኪሙ ይቆጥራል፣ ሌላዋ መርፌ ትሰጣለች። ደረቷ ከጣታቸው ጋር እየሰመጠ ይመለሳል። መጋረጃ ሊጋርዱብኝ ሲሉ አትጋርዱ አልኩ። ልቧ ተመለሰ። ቆዳዋ ላይ የጣታቸው ምልክት ወጥቶ ነበር። ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

ዐርብ ቅዳሴ ሄድኩ። የኛ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ምድር ቤት ውስጥ ያለ አዳራሽ ነው፤ ዐርብ ስለሆነ፣ ዕረፍት ያላቸው ሁሉ ነጠላቸውን ለብሰው ሞልተዋል። ሲያበቃ ቄሱን ጠበቅኳቸው። ዳገት የወጡ ያህል ደክሟቸው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«አባ፣ ልጄ ሰማንያ ቀን አትደርስም።»

«ማነው ድረሺ ያላት?»

«ሥርዐቱ ነዋ።»

«ሥርዐቱ ለጤነኛ ነው። የታመመ ሕፃን በተወለደበት ሰዓትም ቢሆን ይጠመቃል። ይህን የነገራችሁ የለም?»

«አጥብቃችሁ ያዟት ነው የተባልነው።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሴቶቹ።»

«ሴቶቹ!» አሉና ተነሡ። «አንተ ሰውዬ፣ እስካሁን ምን ትጠብቃለህ? መኪና አለህ?»

«የባባ መኪና አለች።»

«እንግዲያው ባባ ይቅር ይበለን፣ ተነሥ።»

የተናደድኩት በሴቶቹ ነው፣ በሐኪሙ ነው፣ በባባ ነው፣ አላውቅም በማን ነው። እነዚያን ሁሉ ቀናት ባለቤቴ የያዘችው ቤተ ክርስቲያን ያልጠየቀቻትን ነገር ነበር። አንዱ የማይመለከተውን እሺ ይላል፣ ሌላው የማያውቀውን አይሆንም ይላል፣ በመሃል የልጄ ደረት ይሰምጣል።

ክፍሉ ከወላጅ በቀር ሰው አያስገባም። ሐኪሙ የቄሱን ቀሚስና ቆብ አይቶ ለአፍታ አሰበ፤ ከዚያ የሆስፒታል ልብስ ከላይ አልብሱት አለ። ባለቤቴን በተሽከርካሪ ወንበር አመጣኋት። ሌላ ነገር ደግሞ ጎደለ፤ ክርስትና እናት። የባለቤቴ ጓደኞች ሁሉ ዐርብም ዕረፍት ስለሌላቸው በየአሠሪያቸው ቤት ተዘግተዋል፣ ቢፈቀድላቸውም የሚያስገባቸው የለም። ቄሱ ነርሷን አዩአት። አንገቷ ላይ ቀጭን መስቀል አለ። የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደሆነች በባለቤቴ በኩል አስጠየቋት። ነገረቻቸው።

«እኅታችን ናት» አሉ ቄሱ። «የሕንድ ኦርቶዶክስና የኛ አንድ ነው። ክርስትና እናት ትሁን።»

ነርሷ ሲተረጎምላት ጓንቷን አወለቀች፣ እጇን እንደገና ታጠበች፣ ከሣጥኑ አጠገብ ቆመች። ቄሱ ከጸለዩበት ውኃ በመዳፋቸው ሦስት ጊዜ አፈሰሱባት፣ ቱቦውን ሳይነኩ። ማዕተቡ አንገቷ ላይ አይታሰርም፣ እዚያ መርፌ አለ፤ እጇ ላይ አሰሩት። የወጣላትን ስም እዚህ አልጽፈውም። የኛ ነው።

ባለቤቴ ከዚያ ወዲያ ሰማንያ የሚለውን ቃል አላነሣችም። ማምሻውን «ለሐኪሙ ንገረው። እንቀመጣለን» አለችኝ።

ስለ ቀብሩ ብዙ አልጽፍም። የሥራ ቀን ስለነበር ቄሱ፣ ሁለት ሹፌሮችና እኔ ነን የተገኘነው፤ ባለቤቴ ቁስሏ አላስቆማትም። ለቅሶ የተቀመጥነው አቡ ሐሊፋ ክፍላችን ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነው። ሰው የሚያለቅሰው በስልክ ነበር፤ ማዳማቸው ስትጠራቸው ይዘጉትና ቆይተው ይደውላሉ። ባባ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አላህ ይካሳችሁ አለ፣ ቴምር አምጥቶ ነበር። ባለቤቴ ከጥቂት ወር በኋላ ወደ አገር ቤት ሄደች፤ እሷ እዚያ እኔ እዚህ ነን፣ አሁን ዐርብም የለንም። እኔ ባያን ነኝ። ማታ ማታ ባባን ዲዋንያ አደርሰዋለሁ፣ አጥሩን ተጠግቼ እጠብቀዋለሁ። አንዳንድ ቀን ከመስኮቱ ሳቃቸው ይሰማኛል፤ ሬዲዮ ከፍቼ አልሰማውም።

የተጠየቅንበት ቀን ግን እንዲህ ነበር።

ሐኪሙ ትንሽ ክፍል ውስጥ አስቀመጠን። እሱ ይናገራል፣ ባለቤቴ ወደ አማርኛ ትመልስልኛለች። አእምሮዋ እንዳልተሠራ ነገረችኝ። ሳንባዋ እንደማያድግ ነገረችኝ። ሦስቱ ሐኪሞች ምን እንዳዩ ነገረችኝ። ድምፅዋ የአስተርጓሚ ድምፅ ነው፣ ደረቅ። ከዚያ ሐኪሙ አንድ ነገር አለ፣ እሱን ግን አልመለሰችልኝም። ጠበቅኳት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሶፍት ካርቶን ታዞራለች።

«ምን አለ?» አልኳት።

«እሱን አንተ ስማው» አለችኝ።

ወደ ሐኪሙ ዞርኩ። «በትንሽ ትንሽ ንገረኝ» አልኩት በመንገድ ዐረብኛዬ።

እሱም እንደ ሹፌር ተናገረኝ፤ አጭር አጭር። ልብ እየደከመ ነው። ዛሬ ወይ ነገ ይቆማል። ሲቆም፣ ወይ እንጫናለን፣ እናንተ ውጭ ናችሁ፤ ወይ አንጫንም፣ እናንተ ትይዟታላችሁ። የቱ?

እውነቱን ልናገር፣ ባባ እሺ ስላለ ብቻ እምቢ ልል ይቃጣኝ ነበር። ከዚያ መኪና ማቆሚያ የሚያወጣኝ አንድ ቃል ‹እምቢ› እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ግን ደረቷ ላይ የነበረው የጣት ምልክት ትዝ አለኝ፤ እሱን ባባ አላየውም፣ ያየሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴን አየኋት። ካርቶኑን ማዞር አቁማ አንገቷን ነቀነቀችልኝ።

«አትጫኑ። ስጡን» አልኩ።

ይኸው ነው። ባባ ካለው ቃል አይለይም። የሚለየው ያልኩት እኔ መሆኔ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ያ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነርሷ ከነቱቦዋ ከሣጥኑ አወጣቻትና በእናቷ ደረት ላይ አስተኛቻት። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ክብደቷን ያወቅነው። በኋላ ወደኔ አዛወረቻት። የማሽኑን ድምፅ አጠፉልን። ማንም አልቆጠረም፣ ማንም አልሮጠም። ሐኪሙ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ጊዜው ሲሆን መጥቶ በማዳመጫው አዳመጣትና መጀመሪያ ለእኔ፣ ቀጥሎ ለእናቷ ነገረን። ለሌላ ለማንም አልደወለም።

መጋቢት አሥራ ስድስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረፋድ ላይ ነው።